በመዝሙራችን ፈጣሪን ምን ብለን እንጥራው?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። እስራኤል ውስጥ ነታንያ የምትኖር እናት ለልጇ ባት ሚጽዋ፣ ልጃገረድ 12 ዓመት ሞልቷት ለትእዛዛቱ ኃላፊ ለምትሆንበት በዓል፣ መዝሙር እየጻፈች ነው። ግማሹ አማርኛ፣ ግማሹ ዕብራይስጥ። አዝማቹ «አዶናይ፣ አዶናይ፣ አንተ ጠብቃት» ይላል፤ ከእያንዳንዱ ስንኝ በኋላም ይመላለሳል። አርብ ማታ ቤት ውስጥ በማዕድ ዙሪያ ልትዘምረው አስባለች። ሐሙስ ደግሞ በአዳራሹ ድግስ፣ በኦርጋን። ቤተሰቡ ሲሰማው ግን ነገር ተነሳ። ልጅቷ «እማ፣ እንዲህ አይባልም፤ ሃሼም በይ» አለች። አማቷ «እኛ እግዚአብሔር እያልን ነው ያደግነው፣ አሁን ምን አዲስ ነገር መጣ?» አሉ። አሜሪካ ያለችው የአክስቷ ልጅ «ጌታ፣ ንጉሥ ማለት በኛ ምኩራብ ቀርቷል፤ የሕይወት ምንጭ በይ» ብላ ጻፈችላት። ጓደኛዋ ደግሞ «ያህዌ» እያለ የሚዘምር የዩቲዩብ ቪዲዮ ላከችላት። «ማንን ልስማ?» ትላለች።

እህቴ፣ ቪዲዮውን ተዪው እንጂ ሌሎቹ ሦስቱ ልክ ናቸው። የማይግባቡት የሚያወሩት ስለተለያየ ነገር ስለሆነ ነው። ከስሙ በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ አለ። ከአፍሽ የሚወጣው ቃል ምንድን ነው? ቡራኬ ነው? ሲዱር፣ የጸሎት መጽሐፉ፣ ላይ ያለ ጸሎት ነው? ከመጽሐፍ የተወሰደ ሙሉ ጥቅስ ነው? ወይስ ራስሽ የገጠምሽው ነው? በአይሁድ ሥርዓት ስሙን የሚወስነው ይህ ነው። ቡራኬ ከሆነ ምርጫ የለሽም። የራስሽ ግጥም ከሆነ ደግሞ ከምታስቢው በላይ ምርጫ አለሽ።

የያህዌን ነገር ቶሎ ልጨርሰው። በኦሪት ውስጥ በአራት ፊደል የተጻፈው ስም እንደተጻፈ አይነበብም። አንባቢው እዚያ ሲደርስ «አዶናይ» ብሎ ያልፋል። ቤተ መቅደሱ በቆመበት ዘመን ሊቀ ካህናቱ በዮም ኪፑር፣ በስርየት ቀን፣ ስሙን በትክክል ይጠራው ነበር። በግቢው የቆመው ሕዝብም ስሙን ሲሰማ በግንባሩ ይደፋ እንደነበር ሚሽና፣ የጥንቱ የሕግ መጽሐፍ፣ ይናገራል። ከዚያ ውጭ ግን አባ ሻኡል የተባለው ሊቅ ስሙን እንደ ፊደሉ የሚጠራ ሰው በሚመጣው ዓለም ድርሻ የለውም እስከማለት ደርሷል። «ይሖዋ» የሚለውም የአራቱ ፊደላት ተነባቢ ከአዶናይ አናባቢ ጋር ተዳቅሎ የወጣ ነው። የወንጌላውያን ዘማሪዎች በራሳቸው መንገድ ይዘምሩበት፣ የኔ ጉዳይ አይደለም። አይሁዳዊ ማዕድ ላይ ግን ቦታ የለውም። አለቀ።

አሁን ወደ ልጅሽ ልምጣ። ልክ ናት፤ ግን ምክንያቱን መምህሯ የነገረቻት አይመስለኝም። «አዶናይ» የተከለከለ ቃል አይደለም፤ ሥራ ያለው ቃል ነው። ታልሙድ ውስጥ፣ የሊቃውንቱ ክርክር በተሰበሰበበት መጽሐፍ፣ ብራኾት በሚባለው ክፍል ራቭ የተባለው ሊቅ «ስሙ ያልተጠራበት ቡራኬ ቡራኬ አይደለም» ይላል። ረቢ ዮሐናን ደግሞ «መንግሥቱ ያልተነሳበትም አይደለም» ብሎ ይጨምርበታል። «ባሩኽ አታ አዶናይ ኤሎሄኑ ሜሌኽ ሃዖላም»፣ «አዶናይ አምላካችን፣ የዓለም ንጉሥ፣ አንተ ቡሩክ ነህ»፣ የሚለው ቀመር ሁለቱንም የያዘው ለዚህ ነው። እንጀራ ላይ «ባሩኽ አታ ሃሼም» ብትይ ቡራኬው አልሆነም። በሌላ በኩል ያለ ምክንያት ቡራኬ የሚደግም ሰው «ስሜን በከንቱ አታንሣ» የሚለውን ጥሷል ይባላል። እንግዲህ ቃሉ ለሥራው ተጠብቆ ይቀመጣል። በወሬ፣ በመፈክር፣ በመዝሙር ልምምድ ጊዜ «ሃሼም» ይባላል፤ «ስሙ» እንደማለት ነው። ጠንቃቆቹ «ኤሎሄኑ»ን «ኤሎኬኑ»፣ «ኤል»ን «ኬል» ይሉታል። ልጅሽ ትምህርት ቤት የምትሰማው ይህንን ነው።

ስለ ልጆች ግን አንድ መላላት አለ። ቡራኬ የሚማር ልጅ ስሙን ሙሉ በሙሉ እየጠራ እንዲለማመድ ሹልሓን ዓሩኽ የተባለው የሕግ መጽሐፍ ይፈቅዳል። ታዲያ ልጅሽ ለበዓሏ ቡራኬ ስትለማመድ «ሃሼም» እያለች ከሆነ አያስፈልጋትም።

የሰንበት ማዕድ መዝሙሮች፣ ዝሚሮት የምንላቸው፣ መሀል ላይ ናቸው። ውዳሴ ናቸው፣ ቡራኬ ግን አይደሉም። አንዳንድ ቤት ስሙን እንደተጻፈ ይዘምራሉ፣ አንዳንድ ቤት በ«ሃሼም» ይተካሉ። ሁለቱም የቆየ ልማድ ነው። እኔ የማልወደው «አዶሼም» የሚሉትን ነው። አዶናይንና ሃሼምን አጋጭቶ የተፈጠረ ነው። ዜማው እንዳይሰበር ብለው ያመጡት ይመስላል። በ17ኛው መቶ ዘመን የነበሩት ረቢ ዳዊት ሃሌቪ፣ «ታዝ» በሚል ስም የሚታወቁት፣ ይህንን አባባል ለክብሩ የማይመጥን ብለው ነቅፈውታል። እኔም ከሳቸው ጋር ነኝ። ወይ ጥሪው፣ ወይ ተዪው።

ያንቺ አዝማች ችግሩ ሌላ ነው፤ መደጋገሙ። አዝማች ስለሆነ ስሙ በአንድ መዝሙር ውስጥ ስምንት፣ አሥር ጊዜ ሊመጣ ነው። ታልሙድ «ስማ እስራኤል» የሚለውን ጸሎት ሲያነብ «ሽማዕ፣ ሽማዕ» ብሎ የሚደግመውን ይነቅፋል፣ «ሞዲም፣ ሞዲም»፣ እናመሰግናለን እናመሰግናለን፣ የሚለውን ደግሞ ዝም ያሰኘዋል። ያንቺ መዝሙር ሽማዕ አይደለም፣ ሕጉ በቀጥታ አይመለከትሽም። ስሜቱ ግን ይመለከትሻል። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ኦርጋኑ ሲጮህ፣ እስክስታው ሲጦፍ፣ ሰዉ ሁሉ ሳህን ይዞ «አዶናይ፣ አዶናይ» ሲል ይታይሽ። እኔን አይመቸኝም።

አማትሽ ያሉትን በጣም ነው የምደግፈው። የቤተ እስራኤል አባቶች ኦሪትን ያነበቡት በግዕዝ ነው። የግዕዙ ኦሪት ከግሪክ የተተረጎመ ነው። የግሪኩ ትርጉም ደግሞ አራቱ ፊደላት ባሉበት «ኪሪዮስ»፣ ማለትም ጌታ፣ ብሎ የሚነበብ ነው። በግዕዙ በዚያ ቦታ የቆመው «እግዚአብሔር» ነው። ስለዚህ አማትሽ «እግዚአብሔር» ሲሉ የሚያደርጉት የኢየሩሳሌም አንባቢ «አዶናይ» ሲል የሚያደርገውን ነው። የተጻፈውን ስም ሳይነኩ በክብር መጠሪያ ያልፋሉ። ቄሶቹ ጸሎታቸውን «ይትባረክ እግዚአብሔር አምላከ እስራኤል» ብለው ሲከፍቱ ከ«ባሩኽ አታ» ምን ያንሳል? በሲግድ፣ በቤተ እስራኤል የጾምና የጸሎት በዓል፣ ከሚነበበው የነህምያ ክፍል ውስጥም «አንተ ብቻህን እግዚአብሔር ነህ» ይባላል። በአማርኛው ክፍል «እግዚአብሔር» በይ፤ ማንም ሊከለክልሽ አይገባም።

በአማርኛው በኩል የምጠነቀቀው ሌላ ቦታ ነው። «ጌታ» የሚለው ቃል ብቻውን ሲቆም ብዙ ሰው ጆሮ ላይ ኢየሱስ ሆኖ ይሰማል። «መድኃኔዓለም»ም ያው ነው። ኤርትራና ኢትዮጵያ ያደገ እንግዳ ካለሽ ወዲያው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄድብሻል። «የዓለም ጌታ» ካልሽው ግን ችግር የለውም፤ በዕብራይስጥ «ሪቦኖ ሼል ዖላም» የምንለው ነው። «ፈጣሪ» ደግሞ ንጹሕ ነው፣ ማንም አይከራከርበትም። ትንሽ ግን ይቀዘቅዛል፤ ሰው በጭንቅ ጊዜ «ፈጣሪዬ!» ሲል ይሞቃል እንጂ።

እስካሁን ያወራሁት ስለሚቻልና ስለማይቻል ነው። እኔን የሚመስጠኝ ክፍል ግን ይሄ አይደለም። አባቶቻችን ስም የሚመርጡት በሚለምኑት ነገር ልክ ነበር። አንቺም እናት ስለሆንሽ የሐናን ልንገርሽ።

ሐና መካን ናት። ሴሎ ወደሚገኘው መቅደስ ወጥታ ታለቅሳለች። ጸሎቷን ስትጀምር «የሠራዊት ጌታ» ትላለች፤ በዕብራይስጥ «ጽቫዖት»፣ በግዕዙ «ጸባዖት»። ረቢ ኤልዓዛር በታልሙድ ቆም ብሎ ይህንን ያነሳል። ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ፣ ይላል፣ ሐና እስክትመጣ ድረስ ፈጣሪን በዚህ ስም የጠራው ሰው የለም። ለምን ይህን መረጠች? «በዓለምህ ከፈጠርከው ሠራዊት ሁሉ አንድ ልጅ ለኔ መስጠት ይከብድሃል?» ለማለት ነው። አየሽ? ስሙ ራሱ ክርክር ነው። ንጉሥ ብላ ብትጠራው ነገሩ ፍርድ ይሆን ነበር። ሠራዊት ላለው ግን አንድ ሕፃን ምኑ ነው? አንዲት ሴት በራሷ ልመና ልክ ስም አወጣች፣ እሱም ሲዱር ውስጥ ገባ።

ሁለተኛው የዝናቡ ነው። ድርቅ ሆነ። ረቢ ኤሊዔዜር ታቦቱ ፊት ቆሞ 24 ቡራኬ ጸለየ፤ ጠብ ያለ ነገር የለም። ረቢ ዓቂቫ ከኋላው ወረደና «አቪኑ ማልኬኑ፣ ካንተ በቀር ንጉሥ የለንም፤ አቪኑ ማልኬኑ፣ ስለራስህ ስትል ማረን» አለ። ዝናቡ መጣ። ታልሙድ ምክንያቱን በዓቂቫ ታጋሽነት ላይ ያደርገዋል፣ ይቅር ባይ ስለነበር ነው ይላል። እኔ ግን ቃሉንም አልተወውም። «አባታችን፣ ንጉሣችን» አንድ ላይ። አባት ብቻ ቢሆን ልጅ ይሞላቀቃል፣ ንጉሥ ብቻ ቢሆን ደግሞ ማን ደፍሮ ይቀርባል? እስከ ዛሬ ከሮሽ ሃሻና፣ ከአዲስ ዓመቱ፣ እስከ ዮም ኪፑር ሕዝቡ የሚጮኸው ይህንን ነው። በነዚያው ቀኖች ቆመን በምንጸልየው የአሚዳ ጸሎት «ቅዱስ አምላክ» የሚለው መዝጊያ «ቅዱስ ንጉሥ» ይሆናል። ይህችን አንዲት ቃል የረሳ ሰው አሚዳውን ከመጀመሪያው ይደግማል። አንድ ቃል ናት፣ ግን እንዲህ ትከብዳለች።

ስም ሲበዛስ? ብዙ የመዝሙር ጸሐፊ የሚወድቀው እዚህ ነው። አንድ ሰው በረቢ ሐኒና ፊት ጸሎት ሲመራ «ታላቁ፣ ኃያሉ፣ አስፈሪው፣ ብርቱው፣ ጽኑው…» እያለ ቀጠለ። ረቢ ሐኒና እስኪጨርስ ጠበቀውና «የጌታህን ምስጋና ጨረስከው?» አለው። ታላቁ፣ ኃያሉ፣ አስፈሪው የሚሉትን ሦስቱን እንኳ ሙሴ በኦሪት ባይላቸውና የታላቁ ጉባኤ ሰዎች በጸሎት ባይደነግጓቸው ኖሮ አንደፍርም ነበር አለ። ሺህ ሺህ የወርቅ ዲናር ያለውን ንጉሥ ብር አለው ብሎ እንደማመስገን ነው፤ ስድብ ነው። አንቺም ሁለተኛው ስንኝሽ ላይ ሰባት መጠሪያ በአንድ መስመር ደርድረሻል። ሁለቱን አስቀሪና አምስቱን አውጪ።

ልብ በይ፣ ለያንዳንዱ ሁኔታ የተለመደ መጠሪያ አለ። ለቅሶ ቤት ስንሄድ «ሃማቆም ያጽናናችሁ» እንላለን፤ የሁሉ መገኛ እንደማለት ነው፣ ለሠርግ ግን አንጠቀምበትም። ከምግብ በኋላ በሚባለው ቡራኬ መጨረሻ ደግሞ «ሃራሐማን»፣ መሐሪው፣ እያልን ለቤቱ ባለቤት፣ ለአባት ለእናት በረከት እንለምናለን። ልመናሽ የሚጠይቀውን መጠሪያ ፈልጊ።

ከስሙ የማያንስ ደግሞ «አንተ» ነው። አማርኛ ውስጥ አማትሽን «እርስዎ» ትያለሽ፣ ፈጣሪን «አንተ»። ንቀት አይደለም፤ መቅረብ ነው። ዕብራይስጡም «አታ» ነው የሚለው። የበርዲቼቩ ረቢ ሌዊ ይስሐቅ እንደሆነ በሚነገርለት የዪዲሽ መዝሙር ውስጥ ሰውየው የዓለሙን ጌታ ከጠራ በኋላ ምሥራቅም ምዕራብም፣ ላይም ታችም አንተ፣ አንተ፣ አንተ እያለ ነው የሚሄደው። የአውሮፓ አይሁድ እናቶች በቤት ቋንቋቸው «ጎቴንዩ» ይሉ ነበር፣ «እግዜርዬ» እንደማለት። እና አዝማችሽ ውስጥ «አንተ ጠብቃት» ማለትሽ ከሁሉም የተሻለው መስመር ነው። እንዳትነኪው። ሌላ ቦታ ላይ ደግሞ ከ«አንተ» ወደ «እሱ» ብትሻገሪ አትጨነቂ። ቡራኬው ራሱ «አንተ» ብሎ ጀምሮ «በትእዛዛቱ የቀደሰን» ብሎ ይጨርሳል።

የአክስትሽ ልጅ የምትለውን ብዙ ሰው እዚህ ይስቅበታል። እኔ አልስቅም። እሷ ባለችበት ሰፈር ጉዳዩ ከ50 ዓመት በላይ ሲመከርበት የቆየ ነው። ሪፎርም የሚባለው ለዘብተኛ የአይሁድ እንቅስቃሴ እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው «ሚሽካን ትፊላ» የጸሎት መጽሐፍ በእንግሊዝኛው ትርጉም ፈጣሪን በወንድ አይጠራም፤ «ጌታ» በሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ፈንታም «አዶናይ»ን እንዳለ ይተወዋል። ገጣሚዋ ማርሻ ፎክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመችው የቡራኬ መጽሐፍ ዕብራይስጡን ራሱን ቀይራለች። በ«ባሩኽ አታ» ፈንታ «የሕይወትን ምንጭ እንባርክ» ብላ ጻፈች። ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ይህ ይቀላል፤ ቋንቋቸው «አንተ»ና «አንቺ»ን አይለይም። ለኛ አይቀልም። በአማርኛም በዕብራይስጥም ግሡ ራሱ ወንድ ወይም ሴት ነው። «ጠብቃት» ስትዪ ወስነሻል።

የኔ አቋም ይህ ነው። በቡራኬ ውስጥ አልቀይርም። ረቢ ዮሴ ሊቃውንቱ የቀረጹትን የቡራኬ ሳንቲም፣ ማለትም ቋሚ ቃሉን፣ የሚለውጥ ግዴታውን አልፈጸመም ብሏል፤ በኦርቶዶክስ ምኩራቦችም የሚሠራበት ይህ ነው። በግጥም ውስጥ ግን «የሕይወት ምንጭ» ባዕድ ነገር አይደለም። መዝሙረ ዳዊት 36 ላይ «የሕይወት ምንጭ ከአንተ ዘንድ ነው» ይላል። ለ12 ዓመት ልጅ ባት ሚጽዋ ደግሞ ደስ የሚል ምስል ነው። አንድ ስንኝ ስጫት፤ የአክስትሽም ልጅ ደስ ይላታል።

እንግዲህ አዝማችሽን እንዲህ ባደርገው እወዳለሁ፦ «አቪኑ፣ አቪኑ፣ አንተ ጠብቃት።» አቪኑ አባታችን ነው። እንደ አዶናይ ሦስት ቀለም ስለሆነ ዜማሽ አይነካም፣ ኦርጋን የሚጫወተው ልጅም ምንም አይቀይርም። ልመናውም የወላጅ ልመና ነው፤ ወላጅ ለልጁ የሚለምነው አባት ብሎ ነው። አሥር ጊዜ ብትደግሚው፣ አዳራሹ ሁሉ ቢጮኸው የሚያሳስብ ነገር የለም። «ሃራሐማን» ብትመርጪ ግን አንድ ቀለም ይጨምርብሻል፣ ዜማውን ማስተካከል ይኖርብሻል።

አዶናይን አጣሁት ብለሽ እንዳትከፊ። አርብ ማታ ከኪዱሽ፣ በወይን ላይ ከሚባለው የሰንበት ቡራኬ፣ በፊት ወላጆች ልጆቻቸውን ይባርካሉ። እጅሽን ልጅሽ ራስ ላይ አድርገሽ «ይሲሜኽ ኤሎሂም ክሳራ፣ ሪቭቃ፣ ራሔል ቭሌአ»፣ አምላክ እንደ ሣራ፣ ርብቃ፣ ራሔልና ልያ ያድርግሽ፣ ትያለሽ። ቀጥሎ ከዘኁልቁ 6 የካህናቱ ቡራኬ ይመጣል፦ «ይቫሬኽኻ አዶናይ ቭይሽምሬኻ»፣ እግዚአብሔር ይባርክሽ ይጠብቅሽም። እዚህ ስሙ ሙሉ በሙሉ ይጠራል፤ ልጅሽም «አይባልም» አትልሽም። ልመናው ያው የመዝሙርሽ ልመና ነው፣ ጠብቃት። እኔ ብሆን አማትሽ መጀመሪያ በግዕዝ «ይትባረክ እግዚአብሔር አምላከ እስራኤል» እንዲሉ እጠይቃቸው ነበር። ከዚያ ቡራኬው፣ ከዚያ ኪዱሹና እራቱ፣ ከዚያ መዝሙሩ። ያለ ኦርጋን መቼም፣ ሰንበት ነው።

የመጨረሻው ስለ ወረቀቱ። ግጥሙን አባዝተሽ ለእንግዶች ልታድዪ እንደሆነ ጽፈሻል። በዕብራይስጥ ፊደል ከሰባቱ የማይሰረዙ ስሞች አንዱ ከተጻፈበት ያ ወረቀት ቆሻሻ ውስጥ አይጣልም፤ ምኩራብ ያለው፣ ያረጁ ቅዱስ ጽሑፎች የሚቀመጡበት የጌኒዛ ሣጥን ውስጥ ይገባል። ከድግስ በኋላ 200 ወረቀት ከጠረጴዛ ሥር መልቀም አትፈልጊም። ስለዚህ በዕብራይስጡ ክፍል እንደ ጋዜጦቹ በስሙ ፈንታ ሄይ የምትባለውን ፊደልና አንድ ጭረት ብቻ አድርጊ። በአማርኛ የተጻፈው «እግዚአብሔር» እንዲህ ያለ ጥብቅ ሕግ የለበትም፤ ሻኽ የሚባሉት ሊቅ በሌላ ቋንቋ የተጻፈው የማይሰረዝ ስም አይደለም ብለዋል። ቢሆንም ወለል ላይ ሲረገጥ ማየት አያስደስትም። ግጥሙን በአዳራሹ ስክሪን ላይ ብታወጪው ከሁሉም ይቀልሻል።